«ይሠራል አልኩህ እኮ»

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አዲስ ኪቦርድ ወይም አዲስ ጊታር ዋጋው የማይቀመስ ስለሆነ ጀማሪውም፣ በየሠርጉ የሚጫወተውም ያገለገለ ፍለጋ ወደ ስልኩ ይሄዳል። እዚህ አገር ቤት በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክ፣ በጂጂ፤ ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በኢቤይ፣ በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ብቻ በሚሸጥበት በሪቨርብ። እዚያ የምታገኙትን ዓይነት ማስታወቂያ እስቲ ላንብብላችሁ።

«ያማሃ ኪቦርድ፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ ከአሜሪካ የመጣ፣ በጣም አሪፍ ድምፅ ያለው። ዋጋ በውስጥ መስመር። ቀልደኛ አይደውል።» ከሥሩ አንድ ፎቶ አለ። ኪቦርዱ አልጋ ላይ ተጋድሟል፣ ግማሹን ብርድ ልብስ ሸፍኖታል፣ የሞዴል ቁጥሩ አይነበብም። ገዢው ይጽፋል፦ «ሰላም፣ ሞዴሉ ምንድን ነው?» መልሱ፦ «ያማሃ»። «ቁልፎቹ ሁሉ ይሠራሉ?» መልሱ፦ «ይሠራል»። «አጭር ቪዲዮ ልትልክልኝ ትችላለህ?» ዝም። ማታ ላይ መልስ ይመጣል፦ «ይሠራል አልኩህ እኮ። ከፈለግክ ናና ውሰድ።»

የዛሬው ዝግጅታችን ከዚህ ሰው ጋር እንዴት መግባባት እንደሚቻል ነው። ስለ ሌባ መጨረሻ ላይ ጥቂት እላለሁ፤ ዋናው ጉዳያችን ግን ሌባው አይደለም። ዕቃው በእጁ ያለ፣ መሸጥም የሚፈልግ፣ ነገር ግን አንድ የሚረባ መረጃ ከአፉ የማይወጣ ሻጭ ነው።

እስቲ መጀመሪያ በእሱ ቦታ ሆነን እንየው። ማስታወቂያውን ከለጠፈበት ሰዓት ጀምሮ «የመጨረሻ ስንት ነው?» የሚል መልእክት ይዘንብበታል። አንዱ ዕቃውን ሳያይ ዋጋውን በግማሽ ይቆርጠዋል። ሌላው «መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ ይቀራል። የተቀነባበረ የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ልኮ «ገብቶልሃል፤ ዕቃውን ለልጁ ስጠው» የሚልም አለ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው የእናንተን ሦስተኛ ጥያቄ ሲያይ ቢሰለች አይፈረድበትም። «ቀልደኛ አይደውል» የሚለው አጻጻፍ ደስ ባይለኝም ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

ሁለተኛው ዓይነት ሻጭ ጭራሽ ተጫዋች ያልሆነው ነው። ወንድሙ ከውጭ ያመጣለትን ኪቦርድ ለአንድ ክረምት ነካክቶ የተወው፣ ወይም ዕቃውን አብርቶ ያላየ ደላላ። «ታችኞቹ ቁልፎች ላይ ድምፁ ይዘላል ወይ?» ብትሉት ምን እንደጠየቃችሁት አያውቅም። ማፈር ስለማይፈልግም «ይሠራል» ይላል። ሦስተኛው ግን የትኛው ቁልፍ እንደሞተ አሳምሮ ያውቃል፤ የሚደብቀውም ዐውቆ ነው።

ልብ በሉ፤ የሰለቸውም፣ የማያውቀውም፣ የሚደብቀውም መልሳቸው ያው «ይሠራል» ነው። ስለዚህ «ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሦስቱን አይለይላችሁም። በሬ የሚገዛ ገበሬ ሻጩን «ያርሳል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ገንዘቡን አይቆጥርም፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል። እኛም ሻጩን ሐሳብ ከመጠየቅ ይልቅ ትንሽ ሥራ እንስጠው። ሥራው ዕውቀት የማይፈልግ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ፣ በስልክ የሚላክ ይሁን። የሰለቸው ሰው ቁም ነገረኛ መሆናችሁን ካየ ይሠራዋል። የማያውቀው ማወቅ ስለማያስፈልገው ይሠራዋል። የሚደብቀው አይሠራውም። ካልሠራው ደግሞ ያላያችሁት ነገር ዋጋ ይኖረዋል፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ቁም ነገረኛ መሆናችሁ የሚታወቀው ከመጀመሪያው መልእክት ነው። ለምሳሌ እንዲህ ብትጽፉስ፦ «ሰላም ወንድሜ። ኪቦርዱን አይቼዋለሁ፤ ዋጋው ላይ ከተስማማን ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ። እኔ ያለሁት ሳሪስ ነው። ከመምጣቴ በፊት አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ፤ ከጀርባው የተጻፈውን ጽሑፍ በደንብ እንዲነበብ አድርገህ ፎቶ ላክልኝ።» መቼ እንደምትመጡ፣ ከየት እንደምትመጡ፣ ምን እንደምትፈልጉ ተናገራችሁ። ዋጋ አልቆረጣችሁም። የጠየቃችሁትም አንድ ነገር ብቻ ነው። አሥር ጥያቄ በአንድ ጊዜ የላከ ገዢ የሚያገኘው መልስ የአንዱን ነው፤ እሱም የማይረባውን።

ለምን የጀርባውን ጽሑፍ? እዚያ ላይ የሞዴሉ ስም፣ የተከታታይ ቁጥሩና የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ስለሚጻፍ ነው። ሞዴሉን ካወቃችሁ መቼ እንደወጣ፣ ስንት ቁልፍ እንዳለው፣ በሌላ ቦታ ስንት እንደሚሸጥ ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ፤ ሻጩን መጨቅጨቅ ቀረ። የኤሌክትሪኩ ነገር ደግሞ «ከአሜሪካ የመጣ» የሚለው ማስታወቂያ የማይነግራችሁ ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ የጃፓኑ 100። ገመዱ በቀጥታ ሰውነቱ ላይ የሚሰካ፣ ጽሑፉም 120 ቮልት ብቻ የሚል መሣሪያ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ግድግዳ ላይ የሰካችሁት ቀን ሊቃጠል ይችላል። የትራንስፎርመሩንም ዋጋ ከአሁኑ አስቡት።

አዳፕተር የሚወስዱት ትንንሾቹ ኪቦርዶች በዚህ በኩል ይሻላሉ፤ አዳፕተሩ ይቀየራላ። ግን «አዳፕተሩ ጠፍቷል፣ ኪቦርዱ ግን ይሠራል» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ቆም በሉ። አዳፕተር ከሌለው በምን አብርቶ አየው? አንዳንዶቹ በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠሩ «በባትሪ አብራልኝ» ማለት ይቻላል። ከጎረቤት የተገኘ አዳፕተር ግን አትሰኩበት። ብዙዎቹ አነስተኛ የያማሃ ኪቦርዶች 12 ቮልት ሆኖ መሐሉ ፖዘቲቭ የሆነ ሶኬት ነው ያላቸው፤ ብዙ ካሲዮዎች ደግሞ በተቃራኒው መሐሉ ኔጋቲቭ ነው። ሶኬቱ ገጥሞ ገባ ማለት ይስማማል ማለት አይደለም። ሻጩ ሊረዳችሁ ብሎ ያገኘውን አዳፕተር ሰክቶ ዕቃውን የሚያበላሽበትም ጊዜ አለ።

(አጭር የሙዚቃ ማለፊያ)

ሁለተኛው ሥራ ቪዲዮ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሻጩን «ተጫውተህ ላክልኝ» አትበሉት። ተጫዋች ካልሆነ ይሸማቀቃል፤ ተጫዋች ከሆነ ወይም ተጫዋች ጓደኛ ካለው ደግሞ አንድ ደስ የሚል ትዝታ ተጫውቶ ይልክላችኋል፣ እናንተም በዜማው ተማርካችሁ ትቀራላችሁ። ትዝታ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው። በአንድ ኦክታቭ ውስጥ 12 ቁልፍ አለ። አምስቱ እየተነኩ ሰባቱ ሳይነኩ አንድ ሙሉ ዘፈን ያልቃል! ባቲም ብትሉ፣ አምባሰልም ብትሉ፣ አንቺ ሆዬም ብትሉ ያው ነው። የሞተው ቁልፍ ከሰባቱ አንዱ ከሆነ ያንን ቪዲዮ መቶ ጊዜ ብታዩት አታገኙትም።

የምትሉት እንዲህ ነው፦ «የፒያኖ ድምፅ ላይ አድርገህ፣ ከግራ ጫፍ ጀምረህ ነጩንም ጥቁሩንም አንድ በአንድ በአንድ ጣት ተጫን። ዘፈን አያስፈልግም። ቴሌቪዥኑን ዝጋልኝ።» 61 ቁልፍ ላለው ኪቦርድ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ጨዋታ የማያውቅ ሕፃንም ያደርገዋል። እናንተ የምትሰሙት ሁለት ነገር ነው፦ ድምፅ የማይሰጥ ቁልፍ እና በቀስታ ሲነካ እንኳ የሚጮህ ቁልፍ።

የሚጮኸው ቁልፍ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ከየቁልፉ ሥር የካርቦን ነጥብ ያለው ጎማ ተዘርግቷል። የንክኪ ኃይል የሚለይ ኪቦርድ ላይ በየቁልፉ ሁለት ሁለት ነጥብ አለ። ቁልፉ ሲወርድ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ ይነካል፤ መሣሪያው በሁለቱ መሐል ያለችውን ቅጽበት ለክቶ በኃይል ተመታ ወይስ በቀስታ የሚለውን ይወስናል። አቧራ ወይም እርጥበት አንዱን ነጥብ ሲሸፍነው ስሌቱ ይዛባል። ቁልፉ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ይጮሃል። ይህ የሚፈራ ብልሽት አይደለም፤ የሚያውቅ ባለሙያ ከፍቶ ሲያጸዳው ብዙ ጊዜ ይድናል፣ ካልዳነም ጎማው ይቀየራል። ስክሪኑ የማይነበብ ወይም የኃይል ክፍሉ የተቃጠለ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በተለይ መለዋወጫው ለማይገኝ አሮጌ ሞዴል።

ስለ አሮጌ ካነሳን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1980ዎቹን፣ የኪቦርድ ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያን ዓይነት ድምፅ የሚወዱ ወጣቶች፣ በተለይ ውጭ ያሉት፣ በ1983 የወጣውን ያማሃ ዲኤክስ ሰባት ሲያሳድዱ አያለሁ። ሻጩን ስለ ውስጡ ባትሪ ጠይቁት። ባትሪው ሲያልቅ መሣሪያው ላይ የተቀመጡት ድምፆች ይጠፋሉ፤ ሻጩም «ድምፁ ተበላሽቷል» ብሎ በርካሽ የሚሸጠው አንዳንዴ ባትሪው ያለቀበትን ነው። እዚህ ላይ የሻጩ አለማወቅ ለእናንተ ጠቀመ ማለት ነው።

ወደ ጊታር ልለፍ። ጊታር ላይ በቪዲዮ ብዙ አይታይም፤ በጆሮ ግን ይያዛል። ቴክኒሻናችን የመጀመሪያውን ድምፅ ያሰማን።

(ድምፅ፦ በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ በስሱ ተነክቶ የሚሰጠው ሐርሞኒክ፤ ቀጥሎ እዚያው ፍሬት ላይ ተጭኖ። ሁለቱ እኩል ናቸው።)

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን።

(ድምፅ፦ ያው ሐርሞኒክ፤ ቀጥሎ ተጭኖ። የተጫነው ከፍ ብሎ ይሰማል።)

ሰማችሁት? ሁለተኛው ጊታር አይስማማም። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ስለሆነ፣ ክሩን እዚያ ላይ በስሱ ነክተን የምናገኘው ድምፅና ተጭነን የምናገኘው ድምፅ አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ላይኛው ክፍል ላይ የምትጫወቱት ሁሉ ከቅኝት ይወጣል። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ብሪጁ በብሎን ስለሚስተካከል ቀላል ነው። አኩስቲክ ላይ ግን አንገቱ ጎብጦ ክሩ ከፍ በማለቱ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ሐርሞኒክ ማውጣት ካልቻለ አትጨቅጭቁት፤ ሌላ ሥራ ስጡት።

«ወንድሜ፣ ቁጥሩ ያላበጠ ለስላሳ የባንክ ካርድ ሦስት ደርበህ፣ ከላይኛው ወፍራም ክር ሥር፣ 12ኛው ፍሬት ላይ አስገባው። ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።» የባንክ ካርድ ውፍረቱ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፣ 0.76 ሚሊሜትር። ሦስቱ 2.3 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናሉ፤ ለአኩስቲክ ጊታር ይህ ከደህናው ከፍታ ውስጥ ነው። ለኤሌክትሪክ ሁለት ካርድ ይበቃል። አምስት ካርድ ተደርቦ ገብቶ አሁንም የሚላላ ከሆነ ጣታችሁ ይቀደዳል እንጂ አትማሩበትም። ጀማሪ ልጅ «ጊታር ከባድ ነው» ብሎ የሚተወው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ለጀማሪ የሚገዛ ጊታር ላይ ከስሙም ከመልኩም ይህ ይቀድማል።

ሁለት ፎቶ ደግሞ ጨምሩ፦ አንገቱ ከጊታሩ ራስ ጋር የሚገናኝበት ጀርባ፣ እና ክሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅ ከጎኑ። የመጀመሪያው ላይ ስብራትና ማጣበቂያ ይፈለጋል፤ ጊታር ሲወድቅ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ሁለተኛው ላይ ብሪጁ ከእንጨቱ ተነሥቶ ክፍተት ፈጥሮ እንደሆነ ይታያል። የታወቀ ስም ያለው ጊታር ከሆነ የተከታታይ ቁጥሩንም ጠይቁ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1977 እስከ 2005 በተሠሩት አብዛኞቹ የጊብሰን ጊታሮች ላይ ቁጥሩ ስምንት አሃዝ ሆኖ አንደኛውና አምስተኛው አሃዝ የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ። ቁጥሩ ትክክል ስለሆነ ብቻ ዕቃው እውነተኛ ነው አይባልም፤ አስመሳዩም ቁጥር ይጽፋል። ቁጥሩ ሻጩ ካለው ዓመት ጋር ከተጋጨ ግን ጥያቄ አነሣችሁ ማለት ነው።

(አጭር የሙዚቃ ማለፊያ፤ ሳክስፎን)

ሳክስፎን ላይ የሚገጥማችሁ ሻጭ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ባለቤታቸው በአንድ ባንድ ውስጥ ሲነፉ የኖሩ፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ ሣጥኑ ቁምሣጥን ላይ የቀረ እናት። ማስታወቂያውን የለጠፈው የልጅ ልጃቸው ነው፤ ስልኩን የሚያነሡት ግን እናት ናቸው። እንዲህ ያለ ስልክ ላይ «የመጨረሻ ስንት?» ብሎ የሚጀምር ሰው የሚዘጋበት ይገባዋል።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ስለ ሳክስፎኑ ነበር የደወልኩት። ነፍስ ይማር። ሣጥኑን መክፈት ካላስቸገረዎት፣ ሰፊው አፉ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ ልጁ ፎቶ ቢያነሣልኝ?» ከዚያ በጨዋታ መሐል ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተነፋው? የት ነው የተቀመጠው? እነዚህን ከማንም በላይ እሳቸው ያውቃሉ። ሳክስፎን ላይ ቀዳዳዎቹን የሚዘጉት ፓዶች ቆዳ የለበሱ ናቸው፤ ሳይነፋ ዓመታት የተቀመጠ መሣሪያ ፓዱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አየር ያስወጣል። ምልክቱ ታችኞቹ ድምፆች እንቢ ማለታቸው ነው። «ሰባት ዓመት አልተነካም» ካሉ፣ ሌላ ሳትጠይቁ ፓዱ ሁሉ ይቀየራል ብላችሁ አስሉት። ከመሄዳችሁ በፊት የፓድ ቅየራ ዋጋ የሚሠራውን ባለሙያ ጠይቁ።

የተቀረጸው ጽሑፍ ደግሞ ዋጋውን ይለያል። ልጁ ማስታወቂያው ላይ «ሰልመር ሳክስፎን» ብሎ ጽፎ ይሆናል። የፓሪሱ ሰልመር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ማውጣት የጀመረው ማርክ ስድስት በዓለም ላይ ከሚፈለጉት አንዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለው ሰልመር ደግሞ ለተማሪዎች «በንዲ» የሚባል ርካሽ መሣሪያ ያመርት ነበር፤ እሱም ከሰልመር ቤት ስለወጣ ብዙ ሻጭ በቅን ልብ «ሰልመር» ይለዋል። ልጁ ሊያታልላችሁ አይደለም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ፎቶው ላይ እውነተኛው ማርክ ስድስት ከወጣ፣ እናት ግን የበንዲ ዋጋ ከጠሩስ? እኔ እነግራቸዋለሁ። «ሥራው ነው፣ ገበያ ነው» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ በዚህ አልስማማም።

አሁን ወደ ዋጋው። ወደ ኪቦርዱ ሻጭ እንመለስ፤ ሥራውን ሰጣችሁት፣ አልሠራውም እንበል። ቪዲዮ የለም፣ የጀርባው ፎቶ የለም፣ «ናና እየው» ብቻ። መናደድም መለማመጥም አያስፈልግም። ያላያችሁትን እንደተበላሸ ቁጠሩትና ዋጋ አውጡለት። ሻጩ 60,000 ብር ብሏል እንበል። አዳፕተር መኖሩ አልታወቀም፣ ቁልፎቹ አልታዩም፣ ፔዳል የሚሰካበት ቀዳዳ አልተሞከረም። የሦስቱን የጥገና ግምት ጠይቃችሁ 15,000 ቢመጣ እንዲህ ጻፉ፦ «60,000 ሁሉም ነገሩ ለሚሠራ ኪቦርድ ተገቢ ዋጋ ነው። ሳላየው ግን 45,000 ነው የምለው። ቪዲዮውን ከላክህልኝና ሁሉም ከሠራ ወደ አንተ ዋጋ እጠጋለሁ።»

አያችሁ፣ አሁን ያቺ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለእሱ የ15,000 ብር ሥራ ሆነች። እስከ አሁን ቪዲዮው ለእናንተ የሚደረግ ውለታ ነበር። የሰለቸው ሻጭ ለውለታ አይነሣም፤ ለ15,000 ግን ከአልጋው ይነሣል። ይህን ስታደርጉ ቃላችሁን ጠብቁ። ቪዲዮው መጥቶ ሁሉም ከሠራ በኋላ አሁንም 45,000 ላይ የሚሟገት ገዢ፣ ለሚቀጥለው ሰው «ይሠራል አልኩህ እኮ» የሚል ሻጭ ይፈጥራል።

የምትተዉት መቼ ነው? የመጀመሪያው ምልክት፣ ዕቃውን ሳታዩ ቀብድ ሲጠየቅ። «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ 5,000 ላክና ላስቀምጥልህ።» በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢቀይር እጥፉን ይመልሳል። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ግን ስሙን የማታውቁት፣ ቤቱን ያላያችሁት ሰው እጥፉን እንዲመልስ ማንን ይዛችሁ ትከሳላችሁ? የባንክ መተግበሪያው ከመላካችሁ በፊት የሚያሳያችሁ የተቀባይ ስም ሻጩ ከነገራችሁ ስም ጋር ካልገጠመ እዚያው አቁሙት። ሁለተኛው፣ የዛሬን ቀን በወረቀት ጽፎ ከዕቃው አጠገብ ፎቶ እንዲያነሣ ስትጠይቁት «አታምነኝም ወይ?» ብሎ የሚቆጣ። ዕቃው እጁ ላይ ከሆነ ወረቀትና እስክሪብቶ አያጣም።

ውጭ አገር ለምትገዙ አድማጮች አንድ ነገር ልጨምር። ኢቤይ ላይ ዕቃው ከተጻፈው የተለየ ሆኖ ከመጣ፣ ሻጩ «ተመላሽ አልቀበልም» ብሎ ቢጽፍም እንኳ፣ ዕቃው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ካመለከታችሁ ገንዘባችሁን የማስመለስ መብት አላችሁ። ችግሩ እኛ ዕቃ የምንልክበት መንገድ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድም ይመርጣል፣ ሜሪላንድ ያለችው እህት ትገዛለች፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ጋራዥ ውስጥ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል። ሰው የሚመጣው ለፋሲካ ነው። ካርቶኑ አዲስ አበባ ሲከፈት 30ው ቀን ካለፈ ከርሟል። እህታችሁን ለምኗት፤ በደረሰ ዕለት ቪዲዮ እየቀረጸች ትክፈተው፣ ትሰካው፣ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ቁልፎቹን ትንካ። ተጫዋች መሆን አያስፈልጋትም ብለናል።

አከፋፈሉም ላይ፣ ፔይፓል ላይ «ለዕቃና ለአገልግሎት» ብላችሁ ከከፈላችሁ እስከ 180 ቀን ድረስ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ «ለወዳጅ ዘመድ» በሚለው ከላካችሁ ያ ጥበቃ የለም። ዜል ላይም የገዢ ጥበቃ የለም። የእኛ ሰው ዜል ይወዳል፣ ፈጣን ነው፤ ለማያውቁት ሻጭ ግን አይሆንም። «የአገር ልጅ ነኝ» ቢልም።

ዕቃውን ልታዩ ስትሄዱ የራሳችሁን ነገር ያዙ፦ ትክክለኛውን አዳፕተር፣ ባትሪ፣ ማዳመጫ፣ ለኤሌክትሪክ ጊታር ገመድ። «መብራት የለም፣ ግን ይሠራል» ከተባላችሁ ባትሪ ይዛችኋል፤ በባትሪ የማይሠራ ከሆነ መብራት ሲመጣ ተመለሱ። አኮርዲዮን ከሆነ መብራትም አያስፈልግ፦ ማሰሪያውን ፈትታችሁ ምንም ቁልፍ ሳትነኩ ከላይ ይዛችሁ አንጠልጥሉት፤ ወናፉ በዝግታ ከወረደ ደህና ነው፣ ወዲያው ከተዘረገፈ አየር ያስወጣል። ሻጩ «ቶሎ በል፣ ልወጣ ነው» ካለ «ግድ የለም፣ በሚመችህ ቀን እመጣለሁ» በሉት። አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ይላል።

ገዝታችሁ ወደ ቤት ከገባችሁ በኋላ የተደበቀ ጉድለት ብታገኙስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል። ገዢም በበኩሉ ዕቃውን እንዳገኘ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። በዓይን የሚታየውን ስብራት አይታችሁ ገዝታችሁ በኋላ መክሰስ የለም። «የተሸጠ አይመለስም» የሚለው ውልም ሻጩ ጉድለቱን ዐውቆ ከደበቀ አያድነውም። ለዚህ ነው በስልክ ከተነጋገራችሁ በኋላ እንኳ ዋናውን ነገር በጽሑፍ መድገም ያለባችሁ፦ «በነገርከኝ መሠረት ሁሉም ቁልፍ ይሠራል፣ ተጠግኖ አያውቅም፤ ቅዳሜ 3 ሰዓት እመጣለሁ።» እሱም «እሺ» ይበል። በአፍ የተነገረው «ይሠራል» ምንም አልጠቀመንም ነበር፤ በጽሑፍ ያለው «ይሠራል» ግን ማስረጃ ነው። መልእክቶቹን አታጥፉ። እርግጥ ለአንድ ኪቦርድ ፍርድ ቤት መመላለስ ብዙ ሰው አይመርጥም። ግን የራሱን ጽሑፍ መልሳችሁ ስትልኩለት የጥገናውን ግማሽ ልክፈል የሚል ሻጭ አለ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በሰላም ትታችሁት የሄዳችሁት ሻጭ ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሱ ሊደውል ይችላል፦ «ወንድም፣ ያ ኪቦርድ አለ፤ ትፈልገዋለህ?» ይህ የሚሆነው ስትለያዩ «እሺ፣ አመሰግናለሁ፤ ሐሳብህን ከቀየርክ ስልኬ አለህ» ብላችሁ ከሆነ ነው። ሰድባችሁት ከሆነ አይደውልም። «ነግሬህ ነበር» አትበሉት። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ለሰው አውሰኸው ነበር ወይ? ቦታ ቀይሯል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። ያን ጊዜ ያልላከውን ቪዲዮ አሁን ጠይቁት፤ ይልከዋል። ዋጋውን ግን እሱ ይጥራ፤ አብዛኛውን ጊዜ በፊት ካለው ያነሰ ይጠራል፣ እናንተ ካላችሁት ደግሞ ይበልጣል። እዚያ መሐል ላይ ተገናኙ፤ አዳፕተሩን መጨመሩንም አረጋግጡ።

(የመውጫ ሙዚቃ)